አያቴ ሃምሳ ዓመት ለሰው የሰጡትን ቅጠል ለምን በ90 አይጥ እፈትነዋለሁ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የፋርማኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። አያቴ ለወባ የሚሰጡትን ቅጠል ለመመረቂያ ጽሑፌ መርጫለሁ። ፕሮፖዛሌ ላይ በሦስት ዓይነት ሙከራ 90 አይጥ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እያንዳንዷ አይጥ በስንተኛው ቀን እንደሞተች መመዝገብ አለብኝ። ይህን ለአያቴ ብነግራቸው ‹እኔ ሃምሳ ዓመት ለሰው ስሰጥ የኖርኩትን አንቺ እንስሳ ገድለሽ ልታረጋግጪ ነው? ግፍ ነው› አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ግፍ ነው? ከሆነስ ያለ አይጥ መሥራት ይቻላል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አያትሽ የመረጡት ቃል እኛ ኮሚቴ ውስጥ ከምንጠቀምባቸው ቃላት ይበልጣል። በእኛ ቋንቋ በግ ማረድ ግፍ አይባልም። የደከመ በሬ ሳያጠጡ ሲያርሱበት መዋል ግን ግፍ ነው፤ ውሻ ለጨዋታ በድንጋይ መፈንከት ግፍ ነው። ግፍ የምንለው አቤት ማለት በማይችል ፍጡር ላይ በከንቱ የደረሰ፣ ወይም ማስቀረት እየተቻለ የደረሰ ጉዳት ነው። ስለዚህ «አይጥ መግደል ይፈቀዳል ወይ?» የሚለውን ትቼ «ከ90ዎቹ ውስጥ ግፍ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?» የሚለውን ልመልስልሽ። በእንስሳት ላይ የሚሠሩ ጥናቶችን በሚገመግም ኮሚቴ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ተቀምጫለሁ። አብዛኛው ግፍ አይጧ ገና ሳትነካ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

መጀመሪያ የአያትሽን ሃምሳ ዓመት እንመርምረው። ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ጥንካሬው ግን እሳቸው በሚያስቡት በኩል አይደለም። ቅጠሉ ጠጪውን ወዲያው የሚጥል ቢሆን ኖሮ መንደሩ ያውቀው ነበር። ኮሶ ሲበዛ እንደሚጎዳ ለማወቅ ላብራቶሪ አላስፈለገንም። ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳት ግን ከማንም አያት ዓይን ያመልጣል። በትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ፣ ሆድ እያሳበጠ ሰው የጨረሰው የጉበት በሽታ መንስኤው እስኪገኝ ዓመታት ፈጅቷል፤ በመጨረሻ የተገኘው ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም ውስጥ ያለ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ ነበር። ዛሬ የተበላውን ከወራት በኋላ ከታመመው ጉበት ጋር ማን ያገናኘዋል?

መድኃኒቱ ማዳኑንም ቢሆን እንዲሁ። ወባ አታላይ በሽታ ነው። ቆላ ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ ሰውነቱ በከፊል የለመደው ስለሆነ አንዳንዴ ያለ መድኃኒትም ይሻለዋል። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ትኩሳቱ ደግሞ ቀን እየዘለለ የሚመጣ ነው፤ ቅጠሉ የተጠጣው ትኩሳቱ ሊለቅ በነበረበት ቀን ሊሆን ይችላል። የዳነው ሰው ዶሮ ይዞ ሊያመሰግን ይመጣል። ልጇን የቀበረች እናት ግን ተመልሳ መጥታ «ቅጠልዎ አልሠራም» አትልም። አያትሽ የሚያውቁት የዳኑትን ነው፤ ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም።

አሁን አንቺን የሚመለከት ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ተማሪ ስለማያስበው ነው። አያትሽ ቅጠሉን የሚወቅጡት በውሃ ነው ብዬ እገምታለሁ። አንቺ ደግሞ ፕሮፖዛልሽ ላይ 80 በመቶ ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ውስጥ ሦስት ቀን ልትዘፈዝፊው ነው። ሜታኖል ከቅጠል የሚያወጣው ውሃ ከሚያወጣው ይለያል፤ ስለዚህ የሃምሳ ዓመቱ ታሪክ ያንቺን ኤክስትራክት (ከቅጠሉ በአሟሚ የሚወጣውን) አይሸፍነውም። ያንቺ ውጤትም የእሳቸውን ዋንጫ አይሸፍንም። አሟሚው ለውጥ እንደሚያመጣ አርቴሚሲኒን ከተባለው የወባ መድኃኒት ታሪክ እናውቃለን። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው የጥንት ሐኪም የተወውን ጽሑፍ መነሻ አድርገው ተክሉን ቢሞክሩት ውጤቱ አንዴ ጥሩ፣ አንዴ መጥፎ እየሆነ አስቸገራቸው። ጽሑፉን እንደገና ሲያነቡት ተክሉ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል እንጂ ይፈላል አይልም። ሙቀቱን ቀንሰው በኤተር አወጡት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና በአይጥ ወባ ላይ ጥገኛ ተሕዋሱን ጠርጎ አጠፋው፤ ቀጥሎ በዝንጀሮዎች ላይ ተሞከረ። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ዋጡት። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የወባ መድኃኒት ኮአርተም ከዚያ የመጣ ነው። ያቺን አይጥ የያዛት ጥገኛ አንቺ ልትጠቀሚበት ያሰብሽው ያው የአይጥ ወባ አምጪ፣ ፕላስሞዲየም በርጋይ ነው።

የዚያች አይጥ ሞት ከንቱ አልነበረም። ግን ከዚህ ተነስተሽ «እንግዲያው አይጥ ያለችውን እናምናለን» እንዳትይ። እንስሳ ይዋሻል፤ ወይም እኛ ያልጠየቅነውን አይመልስልንም። ታሊዶማይድ የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ ሲወጣ አይጦች እጅግ ከፍ ያለ መጠን ችለው ስለነበር «የማይጎዳ» ተባለ። እርጉዝ እንስሳ ላይ በአግባቡ የሞከረው አልነበረም፤ ቢሞክርም አይጥ ለዚያ ጉዳት ብዙም የማትበገር ናት፣ ጥንቸል ግን ትጎዳለች። ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ውስጥ ደግሞ ቲጂኤን1412 የተባለ መድኃኒት ዝንጀሮዎች ከቻሉት መጠን 500 እጥፍ ያነሰው ለስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጥቶ ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ወደ ሀገራችን ብንመለስ፣ ጓያ ስንቱን ገበሬ ሽባ አድርጎ ሳለ በትልልቅ አይጦች ላይ ያንኑ በሽታ ማምጣት ተመራማሪዎችን እስካሁን ያስቸግራል። አስተናግርም አለ፤ ለሰው አደገኛ የሆነው አትሮፒን ያለበት ቅጠል። አንዳንድ ጥንቸሎች አትሮፒንን የሚሰባብር ኢንዛይም ስላላቸው እንደዚህ ያለውን ቅጠል በልተው ዝም ይላሉ። ቅጠሉን በጥንቸል ብቻ ብትፈትኚው ለአያትሽ «ምንም አይል» የሚል የምስክር ወረቀት ትጽፊላቸው ነበር።

ታዲያ ለምን አይጥ? መጀመሪያ የሚሞከርበት ሕፃን ልጅ እንዳይሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላሚድ የተባለ መድኃኒት ዳይኢትሊን ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ ተሟሙቶ፣ መርዛማነቱ ሳይፈተን ተሸጠ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ። በማግስቱ ዓመት መድኃኒት ሳይሸጥ በፊት ደህንነቱ እንዲታይ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ናዚዎች በእስረኞች ላይ ካደረጉት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብም በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ በእንስሳት ላይ ከተገኘ ውጤት መነሳት አለበት ይላል።

ያለ አይጥ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ የመጀመሪያው ደረጃ ይቻላል። ትሬገርና ጀንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1976 የሰው ወባ የሆነውን ፋልሲፓረምን ሳህን ላይ፣ በሰው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ማሳደግ ችለዋል። መሣሪያው የሚያስፈራ አይደለም፤ ክዳኑ አየር የማያስገባ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሻማ ለኩሰው ይገጥሙታል፣ ሻማው ሲጠፋ ኦክስጅኑ ቀንሷል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጨምሯል፤ ጥገኛው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ደም የሚሰጠው ሰው ደግሞ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ማለት ይችላል፤ አይጧ የማትችለው ይህን ነው። ያንቺ ዩኒቨርሲቲ ይህ ባይኖረው እንኳ ያለው ላብራቶሪ ጋ ጥቂት ግራም ኤክስትራክት መላክ ይቻላል። እዚያ ምንም ያላሳየ ኤክስትራክት ብዙውን ጊዜ አይጥ ውስጥ መግባት የለበትም። «ብዙውን ጊዜ» ያልኩት በምክንያት ነው፦ ፕሮጓኒል የሚባለው የወባ መድኃኒት ዋና ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ገብቶ ሳይክሎጓኒል ወደሚባል ሲለወጥ ነው፤ ሳህን ላይ ጉበት የለም። አያትሽ ቅጠሉ እንደሚያሽር ጠንካራ ምልክት ካላቸው ሳህኑ ዝም ቢልም አንድ ትንሽ የአይጥ ሙከራ መከራከሪያ አለው።

አሁን 90ውን እንቁጠር። ሦስት ሙከራ፣ በእያንዳንዱ አምስት ምድብ (ሦስት መጠን፣ ውሃ ብቻ፣ የታወቀው የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን)፣ በምድብ ስድስት አይጥ። ይህን ቁጥር ከየት አመጣሽው? ካለፈው ዓመት ተመራቂ ጽሑፍ ከሆነ አይግረምሽ፤ እኔ የማነባቸው ፕሮፖዛሎች አብዛኞቹ ከዚያው ነው የሚያመጡት፤ እሷም ከሌላ ነው ያመጣችው። እንደ ድሮ ቅኝት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ማንም ያሰላው የለም። ቀላል ስሌት አለ፦ ከጠቅላላው የአይጥ ቁጥር ላይ የምድቦቹን ቁጥር ቀንሺ፤ ውጤቱ ከ10 እስከ 20 ውስጥ ቢውል ይበቃል። አምስት ምድብ በአምስት አይጥ 25 ነው፤ 25 ሲቀነስ 5፣ 20። በስድስት ብታደርጊው 30 ሲቀነስ 5፣ 25 ይሆናል፤ ከሚበቃው አልፏል። ይህ ስሌት ግምት ነው፤ የቀደመ ጥናት ቁጥር ካገኘሽ በእሱ የተሰላው ይሻላል። ሦስቱንም ሙከራ በአንድ ጊዜ መጠየቅም ልክ አይደለም። ከሦስቱ መጀመሪያ ኤክስትራክቱ ለአራት ቀን የሚሰጥበትን ሙከራ በ25 አይጥ ሥሪ። ምንም ካላሳየ እዚያው ይቁም፤ የቀሩት ስልሳ አምስት አይጦች ሳይነኩ ይቀራሉ። ካሳየ ለሁለተኛው ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። ጎንሽ ያለው ተማሪ በዚያው ሳምንት ሌላ ቅጠል የሚሞክር ከሆነ ደግሞ የውሃውንና የክሎሮኪኑን ምድብ አብራችሁ ተጠቀሙ፤ አሥር አይጥ ተረፈ ማለት ነው። አማካሪዎቻችሁ ይህን አይወዱት ይሆናል፤ የማን ዳታ ነው የሚል ጥያቄ ያመጣል። ለዚያ ብሎ አሥር አይጥ መግደል ግን አያትሽ ያሉት ነው።

ለመርዛማነት ፈተናው ድሮ ግማሾቹ እስኪሞቱ ድረስ በርካታ ደርዘን እንስሳ ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 የተጀመረ አሠራር ነው። ኦኢሲዲ የተባለው የበለጸጉ ሀገራት የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ያንን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሰርዞታል። አሁን በ425ኛው መመሪያ ለአንዲት አይጥ በኪሎ 2,000 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ከኖረች ለአራት ሌሎች፣ አንድ በአንድ። አምስት አይጥ፣ አሥራ አራት ቀን ክትትል፣ በቃ። ይህን ፕሮፖዛልሽ ላይ ትክክል አድርገሻል ብዬ አስባለሁ፤ በሀገራችን የተለመደ ሆኗል።

ከሁሉም የከፋው ግን ያ «በስንተኛው ቀን ሞተች» የሚለው ነው። ውሃ ብቻ የተሰጣት አይጥ ጥገኛው ደሟን እየጨረሰው ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ ፀጉሯ ይቆማል፣ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ መብላት ታቆማለች። ያንን እያየሽ ቁጭ ብለሽ ቀን መቁጠር ነው ሥራው። አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት ስገባ ሦስት ጎጆ ውስጥ የሞቱ አይጦች አገኘሁ። ዓርብ ማታ በሕይወት ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ ያያቸው ሰው አልነበረም። ተማሪው ሁሉንም «ሰኞ» ብሎ መዘገባቸው፤ በአማካይ ስንት ቀን ኖሩ የሚለው ሠንጠረዥም ከእነ ነጥቡ፣ ከእነ ስታቲስቲክሱ ወጣ። አንደኛዋ ዓርብ ሌሊት፣ ሌላዋ እሑድ ማታ ሞታ ይሆናል። አይጦቹ ተሰቃዩ፤ ቁጥሩም ውሸት ሆነ። በስቃዩ ያተረፍነው እውቀት እንኳ አልነበረም።

ይህን ማስቀረት ቀላል ነው። አራተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ከጭራዋ በሚወሰድ ጥቂት ደም የጥገኛውን መጠንና ሄማቶክሪቱን (በደሟ ውስጥ የቀይ ሴሎችን ድርሻ)፣ ደግሞም ክብደቷንና የሰውነት ሙቀቷን ካየሽ መድኃኒቱ መሥራቱን ታውቂያለሽ። የሕይወት ቀን የግድ ከተባለ «የሞተችበት ቀን» በሚለው ፋንታ «መቆሚያው ላይ የደረሰችበት ቀን» ብለሽ መዝግቢ። መቆሚያውን ቀድመሽ ጻፊ፦ ክብደቷ ከመነሻው 20 በመቶ ከቀነሰ፣ ወይም ስትነካ ካልተንቀሳቀሰች፣ ወይም ሰውነቷ ከቀዘቀዘ በማደንዘዣ ትገደላለች። በዚያ ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ማን እንደሚገባም ስሙን ጻፊ። ፕሮፖዛል ላይ የተረኛ ስም የጻፈ ተማሪ እስካሁን ሁለት ብቻ ነው ያየሁት።

ስለ እጅሽም ላንሳ። መድኃኒቱ በአፍ የሚሰጠው ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መርፌ ነው። ያልለመደ እጅ ሳንባ ውስጥ ይከተዋል፤ አይጧ በደቂቃ ትሞታለች፤ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ «በኤክስትራክቱ መርዛማነት» ተብሎ ይጻፋል። መጀመሪያ የሞተች አይጥ ላይ ተለማመጂ፣ ቀጥሎ ልምድ ያለው ቴክኒሻን አጠገብሽ ቆሞ። በጭራቸው አንጠልጥለሽ አታንሻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንዳሳዩት በጭራ የሚነሱ አይጦች ይበልጥ ይፈራሉ፤ በቱቦ ወይም በሁለት እጅ መዳፍ የሚነሱት ግን ይረጋጋሉ። ቁራጭ የውሃ ቧንቧ ይበቃል። የየትኛው ምድብ እንደሆነ ሳታውቂ የደሙን ስላይድ በማይክሮስኮፕ አይተሽ ጥገኛውን ቁጠሪ፤ ምድብ በዕጣ ይሁን እንጂ እጅሽ መጀመሪያ የደረሰባትን አይጥ አንደኛ ምድብ አታድርጊ። ቀድማ የምትያዘው ብዙ ጊዜ የደከመችዋ ናት።

ወረቀቱ ላይ የማይታዩ አይጦችም አሉ። ጥገኛው ሕያው ሆኖ እንዲቆይ በየሳምንቱ ከአይጥ ወደ አይጥ ይተላለፋል። ተማሪ ቢኖርም ባይኖርም እነዚህ አይጦች እየታመሙ እየሞቱ ይቀጥላሉ፤ የማንም 90 ውስጥ አይቆጠሩም። ፈሳሽ ናይትሮጅን ባለበት ጥገኛውን አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከሌለ ሦስት አራት ተማሪ ሙከራውን አንድ ወቅት ላይ ቢያደርግ የደም ለጋሿ አይጥ አንድ ትሆናለች። በፕሮፖዛልሽ ላይ እነሱንም ቁጠሪያቸው። ኮሚቴው ከዚህ በፊት ጠይቆሽ አያውቅ ይሆናል፤ ጠይቆሽ ስላላወቀ ነው መጻፍ ያለብሽ።

አያትሽን ያማከለ ሌላ መንገድም አለ። ማሊ ውስጥ ተመራማሪዎች ከአይጥ አልጀመሩም። መንደር ለመንደር ዞረው «ልጅዎ ባለፈው ወባ ሲታመም ምን ሰጡት? ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ፤ ከብዙ ዕፅዋት መካከል አርጄሞኔ ሜክሲካና የተባለው ጎልቶ ወጣ። ቀጥሎ ሰዎቹ ራሳቸው የሚያፈሉትን ያንኑ መጠጥ፣ በሐኪም ክትትል፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመሩ በፈቃደኛ በሽተኞች ላይ ተከታተሉት፤ በኋላም ከዘመናዊው መድኃኒት ጋር አነጻጸሩት። ሁለተኛ ዲግሪ ይህን አይችልም፤ ጊዜውም ገንዘቡም የለም። የመጀመሪያውን ደረጃ ግን ትችያለሽ፦ ባለፈው ክረምት ከአያትሽ ቅጠል የወሰዱትን ሰዎች፣ የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱትንና የሞቱትንም፣ በሰው ጥናት ኮሚቴ ፈቃድ ፈልገሽ ጠይቂ። ቀሪውን ውጤት የሚተረጉምልሽ እሱ ነው።

ስለ ኃጢአትነቱ እኔ ቄስም ሼህም አይደለሁም። መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል እንደሚል፣ በእስልምናም ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት እንደተቀጣች የሚነገረውን አያትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሁለቱም ያወገዙት ጭካኔንና ቸልታን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ያልታዩት አይጦች ትዝ ይሉኛል።

አማካሪሽ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ካሉሽ አትከራከሪያቸው። ሁለት ገጽ አድርገሽ የ25ቱን ስሌትና የመቆሚያ ነጥቦቹን አስይዘሽ አምጪላቸው፤ ደግሞም ሥራው የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ከቆመ ለአይጥ መግዣና ለመኖ የሚወጣው ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚቀንስ ንገሪያቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሥነ ምግባሩ ይልቅ ብዙ አማካሪ ሲያሳምን አይቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሚዛን ይዘሽ አያትሽ ዘንድ ሂጂ። ለአንድ ሰው የሚወቅጡትን ጭብጥ ቅጠል፣ በተለያየ ቀን፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አስመዝኚያቸው፤ የሚጨምሩትን ውሃም ለኪ። ለአይጥ በኪሎ 400 ሚሊ ግራም ብለሽ ጽፈሻል እንበል። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ በ12.3 ይካፈላል፤ ስለዚህ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 ግራም ገደማ ኤክስትራክት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ኤክስትራክት ካገኘሽ ይህ 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ማለት ነው፤ እርጥቡ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይመዝናል። የአያትሽ ጭብጥ ከዚህ በጣም ካነሰ ልትሞክሪ ያሰብሽው እሳቸው ፈጽሞ የማይሰጡትን መጠን ነው፤ መጠኑን አስተካክይ። ክብደቱን ስታገኚ ጻፊልኝ፣ ሦስቱን መጠኖች አብረን እናወጣቸዋለን።